አሸን አሸዋ አይደለም

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር የጽሑፍ መልእክት ላከችልኝ። የአማርኛ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። «አጎቴ፣ እንደ አሸን ፈላ ሲባል አሸን ያው አሸዋ ማለት ነው አይደል? አሸዋ ብዙ ስለሆነ መሰለኝ» ትላለች። ሰባተኛ ክፍል ናት። ነገር የምታገላብጥ ልጅ ስለሆነች እንዲሁ «አይደለም» ብዬ ላልፋት አልፈለግኩም።

ደግሞስ እሷ ብቻ ናት እንዴ? በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሥራ ቦታ ቡና ስንጠጣ ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ «የአረም ዓይነት ነው» አለኝ። አንዷ «ወንዝ ውስጥ ያለች ትንሽዬ ዓሣ» አለች። ሦስተኛው «ብዙ ለማለት ነው በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም» አለ። ሦስቱም ጎጃም ተወልደው ያደጉ ናቸው። ሦስቱም አባባሉን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሉታል። ካፌ እንደ አሸን ፈላ። የግል ኮሌጅ እንደ አሸን ፈላ። ዩቲዩበር እንደ አሸን ፈላ። እንለዋለን፣ አሸኑን ግን ረስተነዋል። ይሄ ነገር ከልቤ ቆጨኝ፤ ምክንያቱም አሸንን የሚያውቅ ሰው አባባሉን ሲሰማ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ነገር አለ፣ የማያውቀው ግን የሚሰማው ብዛትን ብቻ ነው።

እሺ፣ ከሥሩ እንጀምር።

አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። አዎ፣ ያው ምሶሶ የሚቦረቡረው፣ ጎተራ ሥር ገብቶ ጉድ የሚሠራው፣ ኩይሳ የሚቆልለው ምስጥ። ሌላ ፍጡር አይደለም። መሬት ውስጥ እያለ አንድ ስም ሰጠነው፣ ክንፍ አውጥቶ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ስም።

እንዲህ ያለው አሰያየም እንግዳ አይሁንባችሁ። አንበጣን ተመልከቱ። ክንፍ ሳያወጣ መሬት ለመሬት እየዘለለ ሲሄድ ኩብኩባ ይባላል፣ ክንፍ ሲያወጣ አንበጣ። ትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 1 ላይ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ የሚሉ አራት ስሞች ተከታትለው ይመጣሉ፤ አራቱ የአንዱ አንበጣ የዕድገት ደረጃዎች ናቸው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ገበሬ ስም የሚያወጣው ነፍሳቱ ለሚያደርስበት ነገር ነው። ኩብኩባን በእግር ታባርረዋለህ፣ ቦይ ቆፍረህ ታቆመዋለህ፤ አንበጣን በምን ታቆመዋለህ? ሁለቱ ለገበሬው ሁለት የተለያየ ችግር ስለሆኑ ሁለት ስም ያስፈልጋቸዋል። ምስጥና አሸንም እንደዚያው ናቸው።

እኔ ያደግኩት ከቡሬ ወደ ዓባይ ወረድ ስትሉ ባለው ቆላ ቀመስ አገር ነው። እዚያ ኩይሳ በየማሳው ዳር ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የጮቄ ደገኛ አሸንን ባያውቅ አልፈርድበትም፣ ብርዱ ለምስጥ አይመችም። እኛ ጋ ግን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በጋውን ሙሉ ኩይሳው ደረቅ አፈር ነው፣ ሕይወት ያለበትም አይመስልም። ከዚያ ግንቦት ወይ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ጥሎ ያባራል። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ኩይሳው ሥር፣ አንዳንዴም ባዶ ሜዳ ላይ፣ ስንጥቅ የመሰለ ቀዳዳ ይከፈታል። መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆነ ወታደሮቹ ናቸው፤ ወጥተው ዙሪያውን ይቆማሉ። ቀጥሎ ክንፋሞቹ ይመጣሉ። አንድ ሁለት እያሉ እንዳይመስላችሁ፣ ድስት እንደሚገነፍል ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተረማመደ፣ ክንፋቸው እየተጣበቀ፣ እየተገፋፉ ይወጡና ሣሩ ጫፍ ላይ ቆም ብለው ይነሣሉ። አየሩ ባንድ አፍታ ይሞላል። እኛ ልጆቹ ነጠላ ይዘን እየሮጥን፣ ወፎቹ ከላይ፣ ዶሮዎቹ ከታች።

ማታ ደግሞ ብርሃን አይተው ቤት ይገባሉ። እናቴ ኩራዙን ከምሶሶው ታወርድና ውሃ የሞላ ገበቴ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ወደ መብራቱ ሲመጡ ውሃው ውስጥ እንዲወድቁ ነው። «ልጆች፣ ወጡን ክደኑት!» ትላለች። ብንከድነውም አንድ ሁለት ክንፍ ከእንጀራው ላይ አይጠፋም ነበር።

ጠዋት ስንነሣ ደጃፉ ላይ ክንፍ ተነጥፎ እናገኛለን። ክንፍ ብቻ። ባለቤቶቹ የሉም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ቡናማ ቢጤ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። እናቴ በመጥረጊያ ስትሰበስበው ከቅለቱ የተነሣ ብድግ እያለ ይበተንባታል። ሁለት ቀን ቆይቶ የአሸን ነገር አብቅቷል። ሌላ ዝናብ ሌላ ኩይሳ ካላስነሣ በስተቀር ለዓመቱ አይታይም።

ምን እየሆነ እንደነበር የገባኝ አድጌ ነው። ኩይሳ ውስጥ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሠራተኛ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ክንፍ የሌለው፣ ዓይን የሌለው። ወታደሩም ክንፍ የለውም። ዕድሜያቸውን ጨለማ ውስጥ ይጨርሳሉ። ወቅቱ ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ለየት ያሉ ልጆች ያሳድጋል። እነዚህ ዓይን አላቸው፣ አራት ክንፍ አላቸው፣ ገላቸው ጠቆር ይላል፣ ወንድም ሴትም አለባቸው። አሸን የምንለው እነሱን ነው። ክንፋቸው አልቆ፣ ተዘጋጅተው፣ መሬት ውስጥ ሆነው ዝናቡን ይጠብቃሉ። መሬቱ ሲርስና አየሩ እርጥበት ሲይዝ ያካባቢው ኩይሳ ባንድ ምሽት ይከፈታል። አንድ ላይ መውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህኛው ኩይሳ ወንድ ከዚያኛው ኩይሳ ሴት ጋር እንዲገናኝ ያስችላል። ደግሞም ወፉ፣ እንቁራሪቱ፣ እንሽላሊቱ፣ ጉንዳኑ፣ ዶሮው ሁሉ እስኪጠግብ በልቶም ቢሆን ጥቂት ይተርፋል። በርከት ብለው ባይወጡ አንድም አይተርፍም ነበር።

የተረፉት መሬት ሲነኩ ክንፋቸውን ራሳቸው ይጥሉታል። ክንፉ ሥሩ ላይ የሚቀነጠስበት መስመር አለው። ከዚያ ሴቷ ትቀድማለች፣ ወንዱ ከኋላዋ ተጠግቶ ይከተላል። የራሰ ቦታ ፈልገው ይቆፍራሉ፣ ገብተው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ከዚህ በኋላ ብርሃን አያዩም። አዲሱ ኩይሳ ከነዚህ ሁለቱ ይጀምራል። እነሱ ንጉሥና ንግሥት ይሆናሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ራሳቸው ያሳድጋሉ። እየቆየ ሲሄድ የንግሥቲቱ ሆድ እያበጠ የሰው ጣት ያህል ይሆናል፤ ትልልቅ ኩይሳ በሚሠሩት የምስጥ ዓይነቶች ዘንድ ንግሥቲቱ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በዩጋንዳና በኬንያ ሰዎች አሸንን ይይዙታል፣ ቆልተው ይበሉታል፣ ገበያ ላይም ይሸጡታል። እኛ ጋ አሸንን የሚበላው ዶሮ ነው።

አንድ ማስተካከያ እዚህ ላስገባ። ብዙ ሰው አሸንን «ክንፍ ያወጣ ጉንዳን» ይለዋል። ጉንዳንም በበኩሉ ክንፍ ያወጣል፣ እሱም ዝናብ ተከትሎ ይወጣል፣ ስለዚህ መምታታቱ አይገርምም። ግን ሁለቱ በዘር እጅግ የተራራቁ ናቸው። ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ነው። ምስጥ የበረሮ ወገን ነው። አዎ፣ የበረሮ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ምስጥ ራሱን የቻለ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ከበረሮዎች ጋር እንዲመደብ አድርጓል። ፈረንጆች ድሮ ምስጥን «ነጭ ጉንዳን» ይሉት የነበረው ልክ አይደለም። ለመለየት ማጉያ መነጽር አያስፈልጋችሁም። አንዱን ይዛችሁ ክንፉን ተመልከቱ። የአሸን አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ከገላውም ይረዝማሉ። የጉንዳን ክንፍ የፊተኛው ትልቅ፣ የኋለኛው ትንሽ ነው። ወገቡን ደግሞ እዩት፤ ጉንዳን ወገበ ቀጭን ነው፣ አሸን ወገብ የለውም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። ዶሮዋ ሁለቱንም ትለቅማለች፣ እኛ ግን ብንለይ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ። የእህቴ ልጅ ደብተሯ ላይ በሦስት መልክ ጽፋው አይቻለሁ፦ አሸን፣ አሽን፣ ዐሸን። የትኛው ነው ልክ?

«አሽን» በቀላሉ ይወድቃል። ሸ ግእዙ ነው፣ ሽ ሳድሱ ነው። ማንም «አሽን» ብሎ አይናገርም። ስሕተቱ በብዛት የሚመጣው ከስልክ ነው። ድምፅ እየተከተለ ፊደል የሚያወጣው የስልክ መጻፊያ አናባቢውን ካልነካችሁለት ሳድሱን አስቀምጦላችሁ ያልፋል። ጣት ሲቸኩል ሸ ሽ ሆነች ማለት ነው። በፌስቡክ ላይ «እንደ አሽን» የሚለውን ደጋግሜ አየዋለሁ፣ ጸሐፊው ግን ጮክ ብሎ ቢያነበው ራሱ ያርመው ነበር።

«ዐሸን» ትንሽ ይከብዳል። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ ጸ ፀ፣ አ ዐ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬ በድምፅ አይለያቸውም። ስለዚህ «ዓሣ በየትኛው ዐ ይጻፋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያለው ግእዙ ዘንድ ነው፣ በግእዝ በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው። አሸንስ? ሸ የሚባለው ፊደል ራሱ በግእዝ የለም። ግእዝ 26 ፊደል ነበረው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ አማርኛ ለራሱ ድምፆች ሲል ያወጣቸው ናቸው። ሰን ተመልከቱት፣ ከላዩ ጭረት ስታደርጉበት ሸ ይሆናል፤ ነ ኘ ይሆናል፣ ተ ቸ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል። ስለዚህ አሸን አሁን ባለው መልኩ ከግእዝ የተቀዳ ቃል አይደለም፣ በዐይኑ ዐ የምንጽፍበት የወረስነው ምክንያትም የለንም። እኔ በአልፋው አ እጽፈዋለሁ፣ ልጅቷንም እንደዚያ ነገርኳት። ዐሸን ብሎ የጻፈ ሰው ቢያጋጥማችሁ ግን ያነበባችሁት ቃል ያው ነው፣ ጠብ አያስፈልግም።

ትግርኛ የሚያውቅ ጓደኛ ያለው ሰው ሌላ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፦ «ለምን ኣሸን አይባልም?» ትግርኛ አ እና ኣን ይለያል፣ የመጀመሪያው ሌላ ድምፅ ነው፣ አራተኛው ሌላ። በአማርኛ ሁለቱም አፍ ላይ አንድ ናቸው። ያንን ሌላኛውን ድምፅ ስንፈልግ ኧ ብለን እንጽፋለን። ስለዚህ አሸን ብለን ጽፈን አፋችንን በሰፊው ከፍተን እናነባለን፣ ምንም አይጎድለውም።

አነባበቡ ላይ ትልቁ ነገር ጠብቆና ላልቶ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ሰው ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጎ አያየውም። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። ዋና ብዬ ብጽፍላችሁ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ይሁን ዋናው ጉዳይ ከጽሑፉ ብቻ አታውቁም። ገና የልደት በዓል ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚባለው? አለ ተናገረ ነው ወይስ አለ፣ ይገኛል? ንባቡ የሚያውቀው ተናጋሪው ነው። አሸን ላይ ሸ ይላላል። ቀለል አድርጋችሁ ትሉታላችሁ፣ ምላሳችሁ እዚያ አይቆይም። አሸነፈ ላይ ደግሞ ሸም ነም ይጠብቃሉ። ይህን ያመጣሁት በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም በንግግር «እንደ አሸን» ብሎ ለያይቶ የሚናገር ሰው የለም። እንደ ከአ ጋር ሲገናኝ ይዋጣል፣ «እንዳሸን» ይሆናል። እስቲ «እንዳሸን ፈላ» ብላችሁ ፈጠን አድርጋችሁ በሉት። አሸንን ዓይቶ የማያውቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በምን ያውቃል? «እንዳሸነፈ» የሚለውም በእንዳ ነው የሚጀምረው። ጆሮው የሚያውቀውን ፈልጎ አሸዋ ላይ ያርፋል። የእህቴን ልጅ የመራት ይሄ ይመስለኛል፣ ጥፋቷ አይደለም።

አሸዋ ግን አይሆንም። ለምን አይሆንም? ከአጠገቡ ያለውን ግሥ እዩት።

ፈላ። ውሃ ፈላ፣ ቡና ፈላ፣ ጠላው ፈላ። ፍል ውሃ። ቃሉ በግእዝ ፈልሐ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሐ ነበረች። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ሐ ሄደች፣ ላ በራብዕ ቀረች። ሰምዐ ሰማ እንደሆነ፣ በልዐ በላ እንደሆነ፣ መጽአ መጣ እንደሆነ፣ ፈልሐም ፈላ ሆነ። ትርጉሙ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። እናንተ ጀበና ሲፈላ አይታችኋል፤ ዝም ብሎ ይቆይ ይቆይና ድንገት አንገቱ ላይ ይደርሳል። ትል ፈላ የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው፣ ቅማል ፈላበትም እንላለን፤ ከሌላ ቦታ አልመጣም፣ እዚያው ነው የተነሣው። አሸዋ የፈላበትን አገር አላውቅም። አሸዋ ይበዛል፣ ይከመራል፣ ይነጠፋል። የአብርሃም ዘር እንደ ባሕር ዳር አሸዋ ይበዛል ተባለለት እንጂ እንደ አሸን ይፈላል አልተባለለትም። ሽማግሌ ሲመርቅ «ልጆችህ እንደ አሸን ይፍሉ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ የሚልም አይመስለኝም። አሸዋ ለምርቃት ይሆናል፤ ብዙ ነው፣ ደግሞ ይቆያል። አሸን ብዙ ነው፣ ግን አይቆይም።

አማርኛ ለየነፍሳቱ የየራሱን ግሥ መስጠቱ ደስ ይለኛል። ንብ ይሰፍራል። አንበጣ ይወርራል። ጉንዳን ይርመሰመሳል። ነቀዝ ያነቅዛል፣ ስሙና ሥራው አንድ ነው። ብል ይበላል። አሸን ይፈላል። ግሡን ከቀየራችሁ ሥዕሉ ይበላሻል። ጋዜጠኛ «ሕዝቡ ከየአቅጣጫው እንደ አሸን ጎረፈ» ሲል ጎርፍና አሸን ተደበላለቁበት፤ አሸን ከየአቅጣጫው አይመጣም፣ ከእግራችሁ ሥር ነው የሚወጣው። «ላለፉት አሥር ዓመታት እንደ አሸን ሲፈሉ የቆዩ ድርጅቶች» ሲባልም ቅር ይለኛል። አሸን አሥር ዓመት አይፈላም። የአንድ ምሽት ነገር ነው፣ ጠዋት የሚጠረገው ክንፉ ነው። አባባሉን የፈጠረው ሰው ኩይሳ አጠገብ የኖረ ሰው ነው፣ በዚህ አልጠራጠርም። እሱ ሲናገረው አንድ ላይ ሦስት ነገር ማለቱ ነበር፤ ሳይታሰብ ድንገት መጣ፣ ብዛቱ ልክ የለውም፣ ደግሞ ነገ የለም። እኛ ሁለተኛውን ብቻ ይዘን ቀረን። «ካፌ እንደ አሸን ፈላ» የሚለውን የድሮ ሰው ቢሰማው «ታዲያ ስንቱ ይተርፍ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር ለማለት «እንደ እንጉዳይ ፈላ»ም ይባላል፣ እኛ አገር እንጉዳይን የጅብ ጥላም እንለዋለን። ይሄኛውም ከኩይሳ ብዙ አይርቅም። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ምስጦች ከመሬት በታች የፈንገስ እርሻ አላቸው፤ ያመጡትን እንጨትና ሣር ፈንገሱ ያብላላላቸዋል፣ እነሱም ይመገቡታል። ዝናቡ ሲመጣ ያ ፈንገስ ግንድ አብቅሎ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ኩይሳው ላይ ነጭ እንጉዳይ ቆሞ ታያላችሁ። ሁለቱም ከአንድ ጓዳ፣ በአንድ ዝናብ።

ምስጥ የሚለው ስምስ? እሱ ብዙ አያጣላም። ምስጥ ተብሎ በእሳቱ ሰ ይጻፋል፣ በንጉሡ ሠ ምሥጥ ብሎ የሚጽፍም አለ። ከተመስጦ ጋር አታገናኙት፣ ያኛው መሠጠ፣ ነጠቀ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ልብ ሲነጠቅ ማለት ነው። ጉንዳንን ደግሞ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ላይ ገብረ ጉንዳን ይለዋል፣ ታካቹ ሰው ሄዶ እንዲማርበት የታዘዘው እሱ ነው።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ይሄ ነው። አንዱ ነፍሳት በሁለት ስሙ ሁለት የማይገናኝ አባባል ሰጥቶናል። «ውስጥ ውስጡን እንደ ምስጥ በላው» ስንል ዝም ብሎ፣ ሳይታይ፣ ዓመት ወስዶ የሚያፈርስ ነገር ማለታችን ነው። አባቴ ምሶሶ ሲተክል ግርጌውን በእሳት ለብለብ ያደርገው ነበር፣ አመድም ይነሰንስበታል፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን የጎተራችንን እግር በጣቴ ብነካው ጣቴ ገባ። ከውጭ ሲያዩት እንጨት ነው፣ ውስጡ አፈር ሆኗል። ምስጥ እንዲህ ነው። «እንደ አሸን ፈላ» ስንል ደግሞ በግላጭ፣ ባንድ ጊዜ፣ ሁሉ ሰው እያየው የሆነ ነገር ማለታችን ነው። ጎተራውን የበላውና ደጃፉ ላይ ክንፉን የጣለው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በስልክ አወራኋት። ሰምታ ሰምታ «እሺ አጎቴ፣ አንድ ብቻ ከሆነስ? አንድ አሸን ይባላል? ብዙ ሲሆንስ አሸኖች?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስቆመኝም። አሸኖች ወጡ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አሸን ወጣ ነው የሚባለው፣ ጤፍ ታጨደ እንደምንለው፣ ሺህም ሆነ መቶ ሺህ ግሡ ነጠላ ነው። አንዱን ብቻ ምን እንለው እንደነበር ለማስታወስ ወደ እናቴ ደወልኩ። እናቴ ብዙም አላሰበችበትም። «አንድማ ከሆነች፣ ክንፏንም ከጣለች፣ ምስጥ ናት እንጂ ልጄ» አለችኝ።